አጣቢዋና አያ ኩርፌ

ታላቅ ወንድሟ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ዝናቡ ገና አላባራም። እሷ ከላይ እስከ ታች በስብሳ፣ ሹራቧ ውስጥ አንድ ነገር ደብቃ እንደ ጨቅላ አቅፋ ስትገባ አዩዋት።

«ምንድን ነው ያቀፍሽው?»

«ዓሣ።»

«ጎሽ! ለእራት ነው?»

«አይበላም፣ ጋሼ።»

«የማይበላ ዓሣ ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ይኖራል» አለችና በጎናቸው አልፋ ወደ ጓሮ ክፍሏ ገባች።

ከዚያ ቀን በፊት ለጋሼ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥታ አታውቅም። እናትና አባታቸው ሲያልፉ እንደ አባት ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ያገባችውን ሰው የመረጡላት እሳቸው፤ ባሏ ሲሞትም ጓሯቸው ያለችውን ክፍል የሰጧት እሳቸው። የመጋረጃዋን ቀለም እንኳ የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ቡናማ፣ «ቆሻሻ አያሳይም» ብለው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እጃቸው መስጠት የለመደ ነው፤ የሚሰጥ እጅ ደግሞ ሳያውቀው ማዘዝም ይለምዳል። እሷም ምስጋናዋ ከልብ ስለነበር «እሺ ጋሼ» እያለች አርባዎቹን አጋመሰች።

በዚያ ሰሞን አዲስ ነገር ተወስኖባት ነበር። ወንድሟና ሚስታቸው ከመንገዱ ዳር ሱቅ ሊከፍቱ ነው። እሷ የሆስፒታሉን የልብስ እጥበት ትታ ሱቁን ትጠብቃለች፤ ማታም ከመደርደሪያው ጀርባ ትተኛለች፤ ክፍሏ የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ሁሉም ነገር አልቆ የቀረው የእሷ «እሺ» ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ከኪስ እንደሚወጣ መሐረብ ቅርብ ነው ብለው አስበዋል።

ዓሣውን ያገኘችው ስለዚሁ ነገር እያሰላሰለች ከሥራ ስትመለስ ነው። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዛትና የጌጥ ዓሣ ወደሚሸጥበት ጠባብ ቤት ገብታ ተጠለለች። ወደ መስታወቶቹ ጎንበስ ስትል ሌሎቹ ዓሣዎች ሁሉ ደንብረው ጥግ ጥግ ያዙ። አንዱ ብቻ ወደ እሷ መጣ። ጥቁር ነው፤ ገላው ላይ ሕፃን ልጅ በነጭና በብርቱካን ቀለም የሞነጫጨረበት ይመስላል። አፍንጫውን ከመስታወቱ አስጠግቶ ትክ ብሎ አያት። ሰው እንደዚያ ካያት ስንት ጊዜው! ሰው ሲያያት የምታመጣውን ወይም የምትወስደውን እንጂ እሷን አያይም። አንጀቷን በላው።

ዓሣ ሻጩ ሐቀኛ ሰው ነበር። «ኦስካር ይባላል» አላት። «አሁን አውራ ጣትሽን ቢያክል ነው። እያደር ግን የሰው ጫማ ያክላል፤ ያኔ ሰፊ ገንዳ ይፈልጋል። ማጣሪያ ሞተር ይፈልጋል፣ ሞቅ ያለ ውሃ ይፈልጋል። ይበላል፣ ያቆሽሻል፣ ያኮርፋል።»

«ያኮርፋል?»

«ነገር ካልተመቸው በጎኑ ተጋድሞ ሞቻለሁ ይላል። እንዳትደነግጪ።»

«የሰው ጠባይ አለው በለኛ!»

«የሰውስ ይሻላል» አለ ሻጩ።

ስሙንም ያገኘው እዚያው ነው። አያ ኩርፌ አለችው፤ ውሃ በያዘ ፌስታል ሹራቧ ውስጥ ከታው ወጣች፤ ገንዳውንና ሞተሩን ሻጩ አስከትሎ ላከላት።

ጋሼ ክፍሏ ድረስ የመጡት ገንዳው ጠረጴዛዋን ይዞ፣ ሞተሩም ሥራውን ጀምሮ ሲንዶቆዶቅ ነው። ሚስታቸውም ከኋላ አንገቷን አስግጋ ቆማለች።

«እኔ ስለ ሱቁ እጨነቃለሁ፣ አንቺ ዓሣ ታቅፊያለሽ» አሉ ጋሼ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማሽም?»

«እኔ አልጎረጎርኩም ጋሼ። ራሱ ነው የመጣው።»

«ለራስሽ ሳትሆኚ ይሄን ልታሳድጊ? ሳምንት አይቆይም!»

እሷ ቀና ብላ አየቻቸው። ድምጿን አላነሳችም፤ አክብሮቷንም አላጓደለችም። መዳፏን ዘርግታ አሳየቻቸው።

«ይህን መዳፌን እስኪያክል ካደገ ከክፍሌም ከሥራዬም ንቅንቅ አልልም። ከሞተ ግን ሱቅዎ እገባለሁ፤ የክፍሌን ቁልፍም በገዛ እጄ አስረክብዎታለሁ።»

«ሰው በዓሣ ይወራረዳል እንዴ!» ብላ ሚስታቸው ሳቀች። ጋሼ ግን አልሳቁም። ውሃው ውስጥ ያለችውን ጥቁር ነጥብ አይተው፣ የእህታቸውን መዳፍ አይተው፣ «እሺ» አሉ። በዚያ ቤት «እሺ» ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

በሩን ዘግታ ተንበረከከች። «ፈጣሪዬ» አለች፣ «የምለምንህ ትንሽ ነገር ነው። አውራ ጣት የምታክል።»

አያ ኩርፌ ሆዱን የሚያውቅ ፍጥረት ነበር። የምግቡን እንክብል ከጣቷ ይነጥቃል። ከሥራ ስትገባ ጭራውን እያወዛወዘ እስከ ውሃው አፍ ድረስ ይወጣል፤ የወንድሟ ሚስት ስትመጣ ግን ከድንጋዩ ጀርባ ይሸጎጣል። ምናልባት ቂም ይዞ ይሆናል፤ የምድር ትል የሚቆፈርለት ከእሷ አበባ ሥር ነበርና ጭቅጭቁን ሳይሰማ አይቀርም።

«አንቺ! አበባዬን ምን እያደረግሽው ነው?»

«አፈሩን እያላላሁልሽ ነው፣ እታለም።»

«ትሉንስ?»

«ትሉን እሱ ያላላዋል።»

እንዲህ እየተሳሳቁም እየተነካከሱም ሲሄዱ፣ ዓሣውን ሊገድለው የደረሰው የእሷ ንጽሕና ሆነ።

በሥራ ቦታዋ «በረኪና» ነው የሚሏት። የሆስፒታል አንሶላ ያጠበ ሰው ያውቀዋል፤ ደም አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። እሷ እጅ ገብቶ ያልነጣ አንሶላ የለም። ንጹሕ ማለት ለእሷ የተቀቀለ፣ የተፈተገና ዓይን የሚወጋ ነገር ነው። የገንዳው ውሃ ደፍረስ ማለት ሲጀምር፣ ማጣሪያው ውስጥ ያለው ስፖንጅም አተላ መስሎ ስታየው አፈረች። «የእኔ ቤት እንግዳ እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ይኑር?» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ዓሣውን ባልዲ ውስጥ አስቀምጣ ገንዳውን በበረኪና ፈተገችው። ድንጋዮቹን ቀቀለች። ስፖንጁን አሽታ፣ ጨምቃ፣ እንደገና አሽታ ነጭ እስኪሆን ድረስ አለቀቀችውም። ከቧንቧ የቀዳችውን ውሃ ሞላችበት። ሲያልቅ ክፍሉ በራ። በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን በእጇ ሥራ ረክታ አታውቅም።

አያ ኩርፌ ግን ገና እንደገባ ይቅበጠበጥ ጀመር፤ በማግስቱ ደግሞ ጥቁር ገላው አመድ መሰለ። ከውሃው ወለል ላይ አፉን እየከፈተ አየር ይለምናል። ትል ብትሰጠው ዞርም አላለም። ሥራ ቦታ ስትናገር ካውያ ክፍል ያለችው ቀልደኛ ባልደረባዋ በሳቅ ወደቀች።

«ዓሣን መብላት በብልሃት ይባል ነበር፤ ማጠብም በብልሃት ኖሯል! አንቺ በረኪና፣ አጥበሽ ገደልሽው እኮ!»

«አልሞተም» አለቻት።

«ኧረ ተይ፤ አንሶላ አይደል፣ ተተኩሶ አይነሳልሽ!»

«አልሞተም አልኩሽ!» ብላ ቅርጫቱን በእግሯ ገፍታ ወጣች። ባልደረባዋ ሳቋን ዋጠች።

ዓሣ ሻጩ ያደረገችውን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ስፖንጁን ቀቀልሽው?»

«አሽቼ አጠብኩት።»

«የእኔ እመቤት፣ እዚያ ስፖንጅ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ይኖራሉ። የዓሣው ቆሻሻ መርዝ ሆኖ እንዳይመለስበት የሚበሉለት እነሱ ናቸው። አንቺ ቤተሰቡን በሙሉ አጥበሽ ደፋሽበት። የቧንቧ ውሃም ሳያድር አይገባም፤ ጀርም የሚገድለው መድኃኒት ትንፋሹን ያቃጥለዋል።» ቀና ብሎ ሲያያት እንባዋ ቀርቧል። «ግድ የለም፣ ሌላ ልስጥሽ። እሱን ተዪው።»

«ሌላ አልፈልግም። ያየኝ እሱ ነው። የሚድንበትን ንገረኝ።»

ሰውዬው ከራሱ ገንዳ አንድ ስፖንጅ አውጥቶ ሰጣት። ቡናማ ነው፤ ይንጠባጠባል፤ የረግረግ ሽታ አለው። «እንዳለ ክተቺው» አላት። «እንዳታጥቢው! ከዚህም በኋላ ሲቆሽሽ ከገንዳው በተቀዳ በዚያው ውሃ ለቅለቅ ታደርጊዋለሽ እንጂ ሳሙና እንዳታስነኪው። ውሃውን ሁሉንም አትድፊ፤ ባልዲ ውስጥ ባደረ ውሃ ትንሽ ትንሹን ብቻ ቀይሪ።»

ያን ስፖንጅ ተሸክሞ ወደ ቤት መሄድ ለእሷ ምን እንደነበር አጣቢ ያልሆነ ሰው አይገባውም። ባነጣችው ገንዳ፣ በሚያበራው መስታወት ውስጥ ያን ጭቃ የመሰለ ነገር ከተተች። ቡናማው ጉድፍ ውሃው ውስጥ ተበተነ። ዓይኗን ጨፍና «አንተ የምታየውን እኔ አላይም፤ ያንተን እመኚ ካልከኝ አምናለሁ» አለች። ይህን ያለችው ለዓሣ ሻጩ አልነበረም።

ጋሼ ነገሩን ከሚስታቸው ሰምተው መጡ። ዓሣውን አይተው ቃላቸው ለሰለሰ። «ይበቃል፣ እህቴ። ራስሽን አታድክሚ። ነገ ቁልፉን ትሰጪኛለሽ።»

«ሲሞት እሰጥዎታለሁ።»

«ይሄ ሞቷል ማለት ነው።»

«እስትንፋሱ አለ፣ ጋሼ። እስትንፋስ ያለውን እርስዎም እኔም ሞተ ማለት አንችልም፤ ፈቃዱ የሌላ ነው።» በሩን ይዛ ቆመች። ጋሼ የምትዘጋው መሰላቸውና ወጡ፤ እሷም ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ብቻ ነበር። ባልዲዎቿ ውሃ ይዘው ያድራሉ፤ እሷ ጥቂት ትቀዳለች፣ ጥቂት ትጨምራለች። እጇ በረኪናውን ሲፈልግ ጣቶቿን ታቆላልፋለች። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ ሻሿን ስታስር፣ ከኋላዋ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። አያ ኩርፌ አንድ ጠጠር በአፉ አንስቶ መስታወቱ ላይ ተፍቶታል። ቁርስ እየጠየቀ ነው። ሻሿን እንኳ ሳታስር ወደ አበባው ሥር ሮጠች።

ሰነበተ። አደገ። ነገሩ ያለቀለት ግን አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ነው። የክፍሏ በር ተከፍቷል። ጋሼ ሸሚዛቸውን እስከ ክርናቸው ጠቅልለው፣ በአንድ እጃቸው ፌስታል ይዘው ገንዳው አጠገብ ቆመዋል። ፊታቸው የለቀስተኛ ነው። ዓሣው ከታች በጎኑ ተጋድሟል።

«የሰጠ እሱ ነው፣ የነሳም እሱ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በመስኮት አይቼው ነው የገባሁት። አንቺ ሳትመጪ ላነሳልሽ ብዬ…»

እሷ ጠጋ ብላ አየች። ጠዋት ሩቡን ውሃ ስትቀይር የሚወዳትን ነጭ ድንጋይ ከቦታዋ አንስታበት ነበር። የተጋደመው ዓሣ አንድ ዓይኑ እሷን ተከትሎ ዞረ።

«ጋሼ፣ እጅዎን አያስገቡ።»

«ተይ፣ ላንቺ ይከብድሻል።»

«ጋሼ፣ እጅዎን…»

አስገቡ። ውሃው ጣሪያ ድረስ ተረጨ።

«ነከሰኝ!» ጋሼ ጣታቸውን ይዘው ዘለሉ። «ይሄ የተረገመ ነከሰኝ!»

«አኩርፎ እኮ ነው! ያኮረፈን ሰው ማን ይነካል?» ሳቋ ካለቀ በኋላ ነጯን ድንጋይ ወደ ቦታዋ መለሰችለት። ከዚያም መዳፏን መስታወቱ ላይ ዘርግታ አሳረፈች። አያ ኩርፌ ኩርፊያውን ትቶ መጣ፤ ከመዳፏ ፊት ለፊት ቆመ። ከገንዳው ማዶ ለቆሙት ጋሼ መዳፏም ጣቶቿም አይታዩም፤ ዓሣው ሸፍኗቸዋል።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ አዩ። ውሃ ከቅንድባቸው ይንጠባጠባል።

«ሱቁን ሌላ ሰው ይፈልጉለት፣ ጋሼ» አለች በእርጋታ።

«እንዲህ መናገር ማን አስተማረሽ?»

«ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ከሌላ ከማን እማራለሁ?»

ፌስታሉን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ወጡ። በነጋታው ቡናማውን መጋረጃ አወረደችና በራሷ እጅ ያነጣችውን ነጭ ሰቀለች። በረኪናዋ ከመጋረጃው አላለፈም።

ገንዳው ሲጠበው የሰፈሩን መስታወት ቆራጭ ጠርታ ሰፊ አሠራች። ክፍሉ ለሁለቱም አልበቃ ሲል አልጋዋን አስወጥታ ፍራሿን ወለሉ ላይ ዘረጋች። «ሰው ለዓሣ ብሎ መሬት ይተኛል?» አለች የወንድሟ ሚስት። «በገዛ ክፍሌ፣ በፈለግሁበት እተኛለሁ» አለቻት። አያ ኩርፌ የሚዛወር ቀን፣ መስታወት ቆራጩ የያዘው ባልዲ ደፉ ላይ ቢጋጭበት፣ ማንም ሳይጠራቸው በሌላ በኩል ይዘው የነበሩት ጋሼ ናቸው የተቆጡት።

«ቀስ በል እንጂ አንተ! ከተናወጠ ያኮርፋል!»