የሦስተኛው ቀን ቀሚስ

ማሪቤት ኮጊንስ ሰውን ከማናገር ይልቅ ማልበስ ይቀላታል። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት። አባቷ ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ አምባዛ ያረባል፤ ቤታቸው በኩሬዎች መሃል ስለሆነ በሙቀት ወራት ነፋሱ ሲዞር መጋረጃው ሳይቀር ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቷ የእሁዱን ልብስ ስትተኩስ፣ ማሪቤት የታናናሽ እህቶቿን ቀሚስ፣ ካልሲና ጫማ አልጋ ላይ ዘርግታ፣ ልክ ልጆች የተኙ አስመስላ ትደረድረዋለች። ራቅ ብላ ታያለች፤ ሪባኑን ትለውጣለች፤ ደግሞ ታያለች። እናቷም ለጎረቤት ስታወራ፣ "እግዜር ለዚህች ልጅ አፍ አልሰጣትም፤ ዓይን ግን ለሦስት ሰው የሚበቃ ሰጥቷታል" ትል ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስትመጣም አፏ አላገዛትም። በነሐሴ፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ አዲስ ገቢዎቹ ሴት ልጆች በዚያ በሚያቀልጥ ሙቀት ከአንዱ የእህትማማች ቤት ወደ ሌላው ይዞራሉ። ቤቱ እነሱን ይመርጣል፣ እነሱም ቤቱን ይመርጣሉ፤ የተመረጠች ልጅ እስክትመረቅ ድረስ የምትበላው እዚያ፣ የምታድረው እዚያ፣ እህቶቼ የምትላቸውም እነሱን ነው። ማሪቤት በየደጃፉ ምላሷ ሲተሳሰርባት ውላ፣ በመጨረሻ አንዱ ቤት በር ላይ ሎረል ማክኢልዌን የምትባል ልጅ ተቀበለቻት። ሎረል ገዘፍ ያለች፣ ድምፀ ጎርናና፣ ስትስቅ ጠረጴዛ የምትመታ ናት።

"ይሄን ቢጫ ቀሚስ ማን መረጠልሽ?" አለቻት።

"እኔ።"

"በይ እንግዲህ አንቺ ዝም በይ፣ እሱ ያውራልን።"

ማሪቤት ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ስለ ቀሚሱ አወራች፣ ስለ እህቶቿ አወራች፣ ለማንም አልናገርም ያለችውን የአምባዛውን ነገር እንኳ አወራች። ያ ቤት ቤቷ ሆነ። የሎረልና የእሷ ወዳጅነትም ከዚያ በር ላይ ጀመረ።

በሁለተኛ ዓመቷ የቤቱ ልብስ መራጭ አደረጓት። በምርጫው ሳምንት የቤቱ ልጆች ሁሉ በየዕለቱ አንድ ዓይነት ይለብሳሉ፤ እንግዶቹ ሲገቡ የሚያዩት አንድ ቀለም ነው። ማሪቤት ለሌላው ቀን ሁሉ ብዙም አልተጨነቀችም። ሦስተኛው ቀን ግን ወሬው ከሰላምታ አልፎ ወደ ቁም ነገር የሚገባበት፣ ልጆቹ ልባቸውን የሚሰጡበት ቀን ስለሆነ፣ ለእሱ ስትፈልግ ሰነበተች። በመጨረሻ አንድ ቀሚስ አገኘች፤ ቀለሙ የጤና አዳም ቅጠል የመሰለ፣ ወገቡ ጠበቅ፣ ታቹ ሰፋ ያለ፣ ከኋላ በዚፕ የሚዘጋ። ስልኳን አዙራ ስታሳያቸው ቤቱ በደስታ ጩኸት ተናጋ።

ስህተቱ የመጣው የልብስ ልክ ሲጠየቅ ነው። በየክፍሉ እየዞሩ በር ማንኳኳትና እያንዳንዷን ለብቻዋ ማናገር ለማሪቤት ተራራ ሆነባት። ስለዚህ እራት ላይ፣ የቤቱ ሊቀመንበር ሰተን ስም እንድትጠራ፣ እሷ ደግሞ አንገቷን ደፍታ እንድትጽፍ ተስማሙ። ሰተን ትጠራለች፤ ልጆቹ ከየወንበራቸው "ስሞል!" "ሚዲየም!" "ስሞል!" ይላሉ። ሎረል ጋ ሲደርስ ያ ጎርናና ድምፅ ጠፋ።

"ላርጅ" አለች ሎረል፣ ሳህኗን እያየች።

የማሪቤት እጅ ቆመ። ላርጅ እንኳን ለሎረል ወገብ ለክንዷም እንደማይበቃ ዓይኗ ነግሯታል፤ ዓይኗ ደግሞ ዋሽቷት አያውቅም። በኋላ ሄጄ ቀስ ብዬ እጠይቃታለሁ አለች በልቧ። ላርጅ ብላ ጻፈች። ነገ ዛሬ ስትል ትምህርት ተዘጋ።

በነሐሴ ሣጥኖቹ መጡ። የቤቱ ሞግዚት ሚስ ቨርሊ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ምድር ቤት ባለው ክፍል የምትኖር አሮጊት፣ በቢላዋ እየቀደደች ቀሚሶቹን አደለች። ደረጃው በሩጫ ተሞላ፤ ፎቁ በሙሉ የዚፕና የሳቅ ድምፅ ሆነ። ሎረል ቀሚሷን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች። ቆየች።

"ሎረል?" አለች ማሪቤት በሩ ላይ ተጠግታ።

"ሞቻለሁ። በዚህ ቀሚስ ቅበሩኝ እንዳልል፣ አይገባልኝም።"

"ክፈቺልኝ።"

በሩ ተከፈተ። የዚፑ ሁለት ጫፎች በሎረል ጀርባ ላይ፣ በድንበር ተጣልተው እንደተኳረፉ ጎረቤቶች፣ ወዲያና ወዲህ ቆመዋል። ማሪቤት በሁለት እጇ ሳበቻቸው፤ አልተያዩም።

"ትንፋሼን ብይዝስ?"

"እስከ መቼ?"

"እስክመረቅ።"

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። ሎረል የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና መስተዋቱን ሳታይ፣ "እያወቅሽ ነው የጻፍሽው አይደል?" አለቻት። "እጅሽ ሲቆም አይቻለሁ።"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን መጥተሽ አላናገርሽኝም? በሬን ብታንኳኪ እኮ እውነቱን እነግርሽ ነበር። እዚያ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እነዚያ ሁሉ ስሞል ስሞል እያሉ…"

"ማንኳኳት ፈራሁ።"

"አንቺ ፈራሽ፣ እኔ ዋሸሁ። የሚያኮራ ወዳጅነት ነው።" ፊቷን በፎጣ ጠረገች። "በይ ሂጂ። ላውልቀው፣ ከወለቀልኝ።"

ማሪቤት ቀሚሱን ገልብጣ ስፌቱን መረመረች። የሚለቀቅ ጨርቅ የለውም፤ ክሩ ጫፉ ላይ ነው የሄደው። ሰተን ወደ ሻጩ ደወለች፤ ዓይነቱ አልቋል አሏት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስልኩን ጭኗ ላይ ጣለችው። ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ ያልጠገበች ልጅ ናት።

"የዕለቱን ቀሚስ ያልለበሰች አዳራሽ አትገባም" አለች። "ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ ሳልወለድም ነበረ። ከሚስ ቨርሊ ጋር ወጥ ቤት ሆና ውሃ ትቅዳ። አንድ ቀን ነው።"

"ያ ቀን እኮ ሦስተኛው ነው።"

"አውቃለሁ ማሪቤት።"

"የመጨረሻ ዓመቷ ነው። አፍ የሌላትን ልጅ እንደሷ የሚያናግር ማን አለ?"

"እሱንም አውቃለሁ! ሌላ ሐሳብ ካለሽ እራት ላይ ተነሥተሽ ተናገሪ። ልብስ መራጯ አንቺ ነሽ።"

ሰተን ይህን ያለችው በክፋት አይደለም። ማሪቤት ተነሥታ ስትናገር ያየ ሰው ስላልነበረ ነው።

ማሪቤት ወጥ ቤት ገብታ ሚስ ቨርሊ አጠገብ ተቀመጠች። አሮጊቷ ባሚያ እየከተፈች ነበር።

"ሰማሁ" አለች ሚስ ቨርሊ። "ሎረልን ለኔ ትሰጡኛላችሁ አሉ። ደስ ይለኛል፤ ውሃ ግን አይቀዳም። እሷና እኔ አንዴ ወሬ ከጀመርን እንግዶቻችሁ በጥም ማለቃቸው ነው።"

"ሚስ ቨርሊ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"የማን እንደሆነ መች ጠየቅኩሽ ልጄ?" ባሚያውን ወደ ድስቱ ገፋችው። "የሚጠይቁሽ እዚያ ማዶ ነው የሚበሉት።"

እራት ላይ ማሪቤት ምግቡን አልነካችውም። ማንኪያዎቹ ይንቃጨላሉ። ተነሣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ደግሞ ተነሣች። ከጎኗ ያለችው ልጅ ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ የሚቀጥለው ጠረጴዛ፣ ከዚያ ሁሉም።

ስትዘጋጅበት የዋለችው ንግግር ነበር። ልክ በሰው ፊት መጠየቅ ስህተት እንደነበረ፣ ስህተቱም የእሷ እንደሆነ ልትናገር ነበር። ግን ይህን ብትል ሁሉም ወደ ማን ዞሮ እንደሚያይ ያኔ፣ ቆማ ሳለች፣ ገባት። ሎረል ጥግ ላይ አቀርቅራለች።

"ቀሚሴ…" አለች ማሪቤት። "ቀሚሴ አይዘጋም።"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

"የማን? ያንቺ?" አለች ቲንስሊ የምትባል ልጅ። "ካንቺ እኮ ማንጠልጠያው ይወፍራል!"

"አይዘጋም። ወገቡ… ጠቦኛል።"

"ሁለታችሁ ትገቡበታላችሁ፣ አንቺና ጥላሽ!"

ማሪቤት ፊቷ እንደ ፍም ቀላ፤ ግን አልተቀመጠችም። ከጥጉ ጠረጴዛ ሲመታ ተሰማ።

"ተቀመጪ አንቺ ውሸታም!" አለች ሎረል። ድምፅዋ ተመልሶላታል። "ስትዋሺ እንኳ አያምርብሽም። የማይዘጋው የኔ ነው። ልክሽን ተናገሪ ስባል በሰው ፊት አፈርኩና ዋሸሁ። መሳቅ የሚፈልግ አሁን ይሳቅ፤ አንዴ ብቻ ነው የምፈቅደው።"

የሳቀ የለም። ቲንስሊ ሹካዋን አስቀመጠች።

"የኔ ይዘጋል" አለች ዝግ ብላ። "ቁጭ ስል ግን ራሱ ይከፈታል።"

አሁን ሳቁ፤ የመጀመሪያውን ዓይነት ሳቅ ግን አልነበረም።

"እኔ ቀሚሱ ከታዘዘ ወዲህ ቁርስ በልቼ አላውቅም" አለች ሌላዋ።

"እኔም።"

ሚስ ቨርሊ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ኖሮ፣ "ታዲያ ብስኩቴን ማነው ሙልጭ አድርጎ የሚበላው?" አለች።

"እኔ!" አለች ሎረል። "ለምን የማይዘጋ መሰላችሁ?"

ሳቁ ሲበርድ ሰተን ግንባሯን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ማሪቤት ዞረች። "እሺ። ምን እንልበስ ታዲያ? ቀን የለንም።"

ማሪቤት ዓይኗን በጠረጴዛዎቹ ላይ አዞረች፤ ፊታቸውን ሳይሆን ቁም ሣጥናቸውን ታይ ጀመር። በአንድ ዓመት ውስጥ ማን ምን እንደለበሰ ሁሉ አልጋ ላይ የተዘረጋ ያህል ይታያታል።

"ሁላችሁም አረንጓዴ ነገር አላችሁ" አለች። "ቲንስሊ፣ ለትንሣኤ የለበስሽው አለ፣ አንገቱ ክብ የሆነው። ከሱ ጋር ነጩ ጫማ። ብሪን፣ ያንቺ የእናትሽ ነው፣ የወይራ ቀለም ያለው፤ ቀበቶውን ተዪው። ሰተን፣ አንቺ…" እያለች ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሄደች። ቤቱ እንዲህ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም፤ እሷም ራሷን ሰምታ አታውቅም። "ይሄንን ቀሚስ የወደደችም ትልበሰው። እሱም አረንጓዴ ነው። አዳራሹ አንድ ዓይነት ባይሆን… ሜዳም እኮ አንድ ዓይነት አይደለም።"

"የቤቱ የድሮ ተመራቂ እመቤቶች ሊቆጡ ይደውላሉ" አለች ሰተን።

"ይደውሉ!" አለች ሎረል።

"አንቺ ጋ አይደለማ የሚደውሉት!"

ሐሳቡን የምትደግፍ እጇን ታውጣ ተባለ። ያልወጣ እጅም ብዙ ነበር፤ ቀሚሱን የወደዱት ልጆች አኮረፉ፣ አንዷም ፎቶው ይበላሻል ብላ አለቀሰች። ግን የወጣው በለጠ። ሰተን ቆጥራ ስታበቃ፣ "አለቃ ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም" አለች። ቀጥላም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የኔ አረንጓዴ ግን ቆሽሿል" አለቻት ማሪቤትን።

"የቱ ጋ?"

"እጅጌው ላይ፣ ቅባት ነው።"

"አምጪልኝ።"

የሦስተኛው ቀን ጠዋት ማሪቤት ሎረል ክፍል በር ላይ ቆመች። አንኳኳች።

ሎረል ያላት አረንጓዴ አንድ ብቻ ነው፤ ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ሚዜ ሆና የለበሰችው፣ የወይን ጠርሙስ ቀለም ያለው፣ ትከሻው ላይ እጅጌው እንደ ዱባ የተነፋ ረጅም ቀሚስ። መስተዋቱ ፊት ቆማ ዞረች።

"እንዴት ነኝ? እውነቱን ንገሪኝ። ውሸትሽን ሰምተነዋል፣ አትችዪበትም።"

ማሪቤት ራቅ ብላ አየቻት። ድሮ ቢሆን ጥሩ ነው ብላ ትወጣ ነበር።

"እጅጌው መጥፎ ነው" አለች።

"የቀረውስ?"

"የቀረው ያምርብሻል። በጣም።"

ሎረል ትከሻዋን በመስተዋቱ ውስጥ አየች። "ቁረጪው።"

"የአክስትሽ ልጅ አትቀየምሽም? የሠርጓ ልብስ ነው።"

"እሷ ባሏንም አባራዋለች። ቁረጪው አልኩሽ።"

ማሪቤት መቀሱን አነሣች። ሎረል ቆማ እያለች፣ እንደ በግ ጸጥ ብላ፣ ሁለቱም ዱባዎች ወለሉ ላይ ወደቁ። ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፋ በችኮላ መርፌ ታገባበት ጀመር። ከታች እግር ይበዛል፤ ልጆቹ በሩ ላይ የሚዘፍኑትን ዘፈን መለማመድ ጀምረዋል። ከውጭ፣ ከሣሩ ላይ፣ የእንግዶቹ ጫጫታ ይሰማል።

"ሎረል!" ሰተን ከታች ጮኸች። "ያላንቺ በሩን አልከፍትም!"

ሎረል ደረጃውን ወረደች። አዳራሹ ውስጥ የጎመን አረንጓዴ አለ፣ የወይራ አለ፣ ያልበሰለ ሎሚ አለ፣ የኩሬ ውሃ አለ፣ የጤና አዳሙም በመሃል በመሃል አለ። መንገድ ለቀቁላትና ከሁሉም ፊት፣ በሩ ላይ ቆመች። ማሪቤት ከኋላዋ ደርሳ፣ ከትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለውን ክር በጥርሷ በጠሰችና ወደ ቦታዋ ሮጠች። ሰተን በሩን ከፈተችው።