አባቴ ለተዋናዩ የተነሱለት ቀን

ሰውዬው ሞተ። እንግሊዛዊ ተዋናይ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ሰሞኑን የሚጠሩለት ሞልተዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ዳኛ፣ አሽከር፣ ቄስ፣ የክፉው ሰው አማካሪ እየሆነ ሲተውን ኖሯል። ዋና ተዋናይ ሆኖ አያውቅም። መንገድ ላይ ቢያገኙት፣ “ይሄን ሰው የት ነው የማውቀው?” ብለው የሚያልፉት ዓይነት ፊት ነበረው። የሞተ ዕለት ግን ዓለም በሙሉ የሥጋ ዘመዱ ሆኖ ዋለ።

ከሥራ ስመለስ ባቡር ውስጥ ተቀምጬ የአድናቂዎቹን ገጽ አነበብኩ። አንዷ “ልጅነቴን ይዞብኝ ሄደ” ትላለች። ሌላው የሻማ ሥዕል ለጥፎ፣ “እንዲህ ያለ ትሑት ሰው አይደገምም” ይላል። የት አውቀኸው? አብራችሁ ሽንኩርት ልጣችኋል? አንድ ሐበሻም አልታጣ፣ “የድሮ ጨዋ” ብሎ ጽፏል። ብሉር ጣቢያ እስክደርስ ድረስ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ ሰውዬውን አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ሙሉ አብሬው ውያለሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባታችንን እህቴ ስፖንሰር አድርጋ ወደ ቶሮንቶ ካመጣቻቸው ገና ሁለት ወራቸው ነው። አባቴ ሃያ ምናምን ዓመት የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና የተመላለሱ ሰው ናቸው። ዳናክል በረሃ ላይ ጎማ ሲቀይሩ የኖሩ ሰው፣ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ መስኮት ዳር ተቀምጠው በበረዶ የሚንሸራተተውን የሰው መኪና ሲተቹ ይውሉ ነበር። “ይሄ ደግሞ መንጃ ፈቃዱን ከየት አመጣው?” ይላሉ። በአሳንሰር ውስጥ ለሚያገኙት ሁሉ ጎንበስ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ። የሚመልስላቸው እምብዛም ነው።

እኔ ደግሞ፣ ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ የሰውዬው አድናቂ ነበርኩ። አዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ጸጥ ብዬ ተቀምጬ አነጋገሩን ስቀዳ ነው ያደግሁት። ዛሬ የምስቅባቸው ሰዎች ያላደረጉትን ሁሉ አድርጌያለሁ። እንደሱ አንዱን ቅንድቤን ብቻ ለማንሳት መስታወት ፊት ስለማመድ የዋልኩበት ቀን አለ።

ቶሮንቶ ፊልም ሲቀረጽባት ራሷን ሆና አታውቅም። ሁልጊዜ ሌላ ከተማ ናት። በዚያ የካቲት ደግሞ አፍሪካ ሁኚ ተባለች። ለፊልሙ አጃቢ የሚመለምል አንድ ሰው “ፊታቸው ግርማ ያለው ሽማግሌዎች ፈልግልኝ” ሲለኝና የተዋናዩን ስም ሲጠራልኝ ወዲያው እሺ አልኩ። ከቤተ ክርስቲያን ስድስት ሽማግሌዎች ሰበሰብኩ። ሰባተኛው አባቴ ናቸው። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ቦታው ሐይቁ አጠገብ ያለ ባዶ መጋዘን ነው። መሬቱ ላይ አሸዋ ደፍተው በረሃ አድርገውታል። ማሞቂያው ድምፅ አለው ተብሎ ተዘግቷል። ሽማግሌዎቹን ስስ ነጠላ ልብስ አልብሰው፣ በረሃ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ጭስ ሆኖ እንዳይታይ ከየቀረጻው በፊት የበረዶ ድንጋይ ያስልሷቸዋል። አባቴ በረዶውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ እያገላበጡ፣ “ብርዱ አልበቃ ብሎ ያጎርሱናል እንዴ?” አሉ። ዐቢይ ጾም ስለነበር ምሳ የመጣላቸውን የእንቁላል ሳንድዊች ትተው ካሮት ሲያኝኩ ዋሉ። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከነሰውዬው ምግብ፣ የጥብስ ሽታ ይመጣ ነበር።

ትዕይንቱ ቀላል ነው። ሰውዬው የአገር ገዥ ሆኖ ይገባል፣ መሬታችሁ ተወስዷል ይላል። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አይሉም፣ ቀና ብለውም አያዩትም። እንደናቁት መታየት አለበት። ይህንን አስረዳኋቸው። “ገብቶናል” አሉ።

ሰውዬው ሽበቱን አበጥሮ፣ ከዘራውን ይዞ ገባ። ሰባቱም ሽማግሌዎች ብድግ አሉ።

“ኖር!”

“ካት!” አለ ዳይሬክተሩ።

እንደገና ነገርኳቸው። እንደገና ገባቸው። እንደገና ሰውዬው ሲገባ አራቱ ተነሱ። በሦስተኛው ጊዜ የተነሱት አባቴ ብቻ ናቸው።

“አባባ፣ አይነሱ ተባለ እኮ!”

“አውቃለሁ። እግሬ ነው የተነሳው እንጂ እኔ አልተነሳሁም። ሽበታቸውን አታይም? ሰው ገብቶ እንዴት ተጎልቼ እቀመጣለሁ?”

ያን ጊዜ ሰውዬው ቀጥ ብሎ ወደኛ መጣ። በዚያ ከልጅነቴ ጀምሮ ስቀዳው በኖርኩት ድምፅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ይሄ ሽማግሌ ፍየል ለነጭ ሁሉ ነው የሚነሳው?” አለኝ። “እንደገና ከተነሳ ከወንበሩ ጋር በምስማር ቸንክሩት እላለሁ። ንገረው።” የካሜራው ሰዎች ሳቁ። አባቴ ሰው ሲስቅ አይተው ፈገግ አሉ።

“ምን አሉ?” አሉኝ።

ቃሉን ብነግራቸው በዚያው ስስ ልብስ በረዶው ውስጥ ወጥተው እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ አሳንሰር ውስጥ ለማንም ጎንበስ እንደማይሉም አውቃለሁ። ይህ እውነት ነው። ሌላው እውነት፣ ሰውዬው እንዳይቀየመኝ ፈልጌ ነበር።

“‘በዘመኔ እንደርስዎ አክብሮ የተቀበለኝ ሰው የለም። ለሥራው ሲባል ግን እባክዎ ይቀመጡልኝ’ ነው የሚሉት” አልኳቸው።

አባቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱ። “እግዜር ያክብርዎት በልልኝ” አሉ።

ወደ ሰውዬው ዞርኩና፣ “ይቅርታ ይጠይቃል” አልኩት።

በአራተኛው ጊዜ አባቴ የወንበራቸውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ይዘው ተቀመጡ። ቀረጻው አለቀ። እኔም፣ አባቴን ፍየል ያስባልኩት ጀግና፣ ወረፋ ጠብቄ ሰውዬውን ፎቶው ላይ አስፈረምኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ይህንን ታሪክ ያላወሩበት ክርስትና፣ ሠርግና ማኅበር የለም። “ታላቅ ሰው ናቸው። ታላቅነታቸው ትሕትናቸው ነው” ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ ሁሉ ሳህኔን አያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ደወሉልኝ። “ሰማህ? ሰውዬው አረፉ” አሉ። ድምፃቸው ተሰብሯል። ክሬሰንት ታውን ስደርስ ጥቁር ከረባት አስረው ጠበቁኝ። ዘጠና ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም።

“ለቅሶ መድረስ አንችልም። ቃል እንላክ” አሉ።

“አባባ፣ ቤተሰቦቹ አያውቁዎትም እኮ።”

“እሳቸው ያውቁኝ ነበር። ጻፍ።”

እሳቸው የዚያን ቀን ታሪካቸውን በአማርኛ እያሉ እኔ በእንግሊዝኛ የአድናቂዎቹ ገጽ ላይ ጻፍኩ። የፈለግሁትን ብጽፍ አያውቁም ነበር። ከመካከል ቆም ብዬ፣ ፍየል ያለውን፣ ምስማር ያለውን ልጽፍ ዳዳኝ። ለነዚያ ሻማ ለጣፊዎች ከዚህ የተሻለ ጥፊ አይገኝም ነበር። አባቴ ግን መነጽራቸውን አድርገው አንድም ፊደል የማያውቁትን ጽሑፍ እያዩ ነው። ያሉትን ብቻ፣ አንድ ቃል ሳላጎድል ጻፍኩ።

ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ መልሱ ጎረፈ። “እሱ እንዲህ ነበር!” ትላለች አንዷ። “እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት” ይላል ሌላው። የገጹ ባለቤት ጽሑፉን ሁሉም እንዲያየው ብሎ ከሁሉ በላይ አወጣው።

“ምን አሉ?” አሉ አባቴ።

አንድ በአንድ ተረጎምኩላቸው። ከረባታቸውን አላላ አደረጉና፣ “ይኸው፣ ያወቅኋቸው እኔ ብቻ አይደለሁም” አሉ።

አድናቂዎቹን ጅሎች ብያቸዋለሁ፣ አሁንም ጅሎች ናቸው። ሰውዬውንም አሁንም እንቀዋለሁ። ነገር ግን ከእንግዲህ ጨዋነቱን ለሚጠራጠር ሁሉ ማስረጃው ከገጹ አናት ላይ ተቀምጧል። ቃሉ የአባቴ ነው። ሰውዬውን የፈጠርኩት ግን እኔ ነኝ።