የተለወጠው ዛጎል

በቤተ ሙከራው ድንጋይ የምትቆርጠውን ሴት ሁሉም «ሞረድ» ይሏታል፤ እጇም ምላሷም ያው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ድንጋይ የሆኑ የጥንት ዛጎሎችን ብርሃን እስኪያሳልፉ ስታሳሳና መስታወት ላይ ስትለጥፍ ኖራለች።

አንድ ቀን ጠዋት፣ አለቃዋ «ከጥንት ጀምሮ አልተለወጠም» ብሎ የጻፈበትን ዛጎል በማይክሮስኮፕ አየችው። ያልተለወጠ ዛጎል ውስጡ እንደ ጡብ ግንብ በስሱ ተነባብሮ የተደረደረ ነው። በዚህኛው ግን ድርድሩ ጠፍቶ ትልልቅ ሻካራ ክሪስታሎች ሞልተውታል። ውሃ በዘመናት ብዛት የመጀመሪያውን ማዕድን አሟሙቶ ሌላ ተክቶበታል። የጥንቱ ባሕር ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር የሚለካው ደግሞ ከመጀመሪያው ማዕድን ብቻ ነው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ከዚህ የለኩት የባሕር ሙቀት አያስኬድም» አለችው።

«አንቺ ቁረጪ! ማሰብ የኔ ሥራ ነው!» ብሎ ናሙናውን ሊነጥቃት ተንደረደረ።

እሷ ናሙናውን በግራ እጇ ጨበጠችው። እሱም ጭንቅላቷን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው፤ ቀኝ እጇን መሳቢያ ውስጥ ከቶ በጉልበቱ ዘጋባት። አጥንቷ ሲሰበር ድምፁን ሰማችው። ደም ዓይኗን እየጋረዳት ክንዱን ነክሳ ያዘች። ጩኸቱን የሰማ የግቢው ዘበኛ በሩን ገንጥሎ ሲገባም ጥርሷ ከሥጋው አልወጣም።

«እህቴ፣ ልቀቂው! ይዤዋለሁ!» ሲል ጮኸ።

ናሙናው የመስታወቱ ጠርዝ ካደማው ግራ መዳፏ ሳይሰበር ወጣ። ሌሎች ባለሙያዎች አይተው እውነቷን ነው አሉ፤ አለቃውም ታሰረ። ሁለት ጣቶቿ ግን እስከ ዛሬ አይታጠፉም። በግራ እጅ መቁረጥን ሀ ብላ ተማረች። ከንፈር የሚመጥላት ሰው ሲገጥማት ትቆጣለች፦

«ምን ሆንኩ? ስምንት ጣት አለኝ እኮ!»