ጌኖቬፋ የሰሙት

ኤርኖ ከሃንጋሪ፣ ከሴገድ ከተማ፣ ወደ ፖላንዷ ቢያሊስቶክ የመጣው ትዳር ጎትቶት ነው። ብሮንያን ያገኛት ዋርሶ ውስጥ፣ የኤስፔራንቶ ተናጋሪዎች በበጋ በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ነበር። እሷ ሃንጋሪኛ አታውቅም፣ እሱ ፖላንድኛ አይችልም፤ የተዋደዱትም የተጋቡትም፣ ሲብስም የተጨቃጨቁት፣ አንድ የቢያሊስቶክ ተወላጅ የዓይን ሐኪም ድሮ ቁጭ ብሎ በፈጠረው በዚሁ ቋንቋ ነው።

የሚኖሩት ከብሮንያ እናት ከጌኖቬፋ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። ጌኖቬፋ ዕድሜያቸውን በሽመና ፋብሪካ የጨረሱ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። አማቻቸውን አልጠሉትም፣ አልወደዱትምም። ኤርኖ እዚያው ፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ ሆኖ ተቀጠረ። ፖላንድኛው ግን እንቢ አለው፤ ሥጋ ቤት ገብቶ በጣቱ እየጠቆመ ነበር የሚገዛው።

ባልና ሚስቱ በኤስፔራንቶ፣ አሮጊቷ ፊት ያሻቸውን ያወሩ ነበር።

«ሾርባው ዛሬም ጨው የለውም» ይላል ኤርኖ።

«ፈገግ በልላት እንጂ። እያየችህ ነው» ትለዋለች ብሮንያ።

ኤርኖ ለአማቱ ፈገግ ይላል። ጌኖቬፋም ሳህኑን ተቀብለው ይጨምሩለታል።

ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ኖሩ። ከዚያ አንድ ክረምት ኤርኖን የአገሩ ናፍቆት ያዘውና ሴገድ እንግባ ማለት ጀመረ። አሮጊቷ ገጠር ያለችው እህታቸው ዘንድ ይሂዱ ተባለ። ብሮንያ ቆርጣ እሺም እንቢም አላለችም። ነገሩ ማታ ማታ እራት ላይ ይነሳል፣ ይወድቃል። በዚያው ሰሞን ጌኖቬፋ መስኮት ላይ የሚያሳድጓቸውን አበቦች ከነሸክላቸው ለጎረቤት ማደል ጀመሩ። «ወገቤን ያመኛል፣ ማን ውሃ ያጠጣቸዋል» አሉ። ሁለቱም አመኗቸው።

በጋ ሲገባ ብሮንያ፣ አስተማሪ ነበረችና፣ ተማሪዎቿን ይዛ ወደ ባሕር ዳርቻ ሄደች። ኤርኖ ከሥራ ሲመለስ አማቱን የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ወድቀው አገኛቸው። ሊያነሳቸው ጎንበስ አለ። «አይንቀሳቀሱ» ሊላቸው ፈልጎ የፖላንድኛው ቃል ጠፋበት።

«እንዳትነካኝ» አሉ ጌኖቬፋ፣ በኤስፔራንቶ። «ዳሌዬ ነው። ውረድና ጎረቤቶቹን ጥራ።»

ኤርኖ ደረጃውን ግማሽ ከወረደ በኋላ ነው የሰማው ነገር የገባው።

ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠ። በዚያ ቋንቋ አንቺና እርስዎ አንድ ቃል ነው፤ አማቱን እንደ እኩያው ሲያናግር ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰሚው?»

«ሾርባዬን ማማት ከጀመርክ ብዙም ሳይቆይ። ምን ከባድ ነገር አለው? በየማታው ያንኑ ትደጋግማላችሁ።»

«የሴገዱንም ሰምተሻል።»

«አበቦቼን ያደልኩት ለምን መሰለህ?»

ኤርኖ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር አሮጊቷ በእጃቸው አስቆሙት።

«ለብሮንያ እንዳትነግራት» አሉ።

«ለምን?»

«ልጄ የሆዷን የምታወጣው እኔ የማልሰማ ሲመስላት ነው። ለእኔ በፖላንድኛ የምትነግረኝ ዳቦ መወደዱን ብቻ ነው።»

ብሮንያ በማግስቱ ደረሰች። እናቷን ግንባራቸውን ስማ፣ ትራሱን አስተካክላ፣ ለምን ተንሸራታች ጫማ እንዳደረጉ ተቆጣቻቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች።

«ሴገድ ብቻህን ትሄድ እንደሆነ ሂድ» አለችው በኤስፔራንቶ። «እኔ እሷን ትቼ የትም አልሄድም። ባቡር ውስጥ ሳስበው ነበር የመጣሁት፤ እሷ የሌለችበት ቤት ቤት አይመስለኝም። ግን እንዳትነግራት፤ ትኮራብኛለች።»

ጌኖቬፋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ብሮንያ ሕመሙ መስሏት ነርስ ልትጠራ ወጣች።

የሴገዱ ነገር በዚያው ቀረ። ጌኖቬፋ በምርኩዝ እየሄዱ ስድስት ዓመት ኖሩ። ኤርኖ ቃሉን ጠበቀ፤ ገበታ ላይ ግን ስለ አማቱ ማውራት ተወ። ብሮንያ ባሏ ከዕድሜ ጋር ጨዋ እየሆነ የመጣ መሰላት። እሷ ቤት በሌለችበት ሰዓት አሮጊቷና አማቻቸው ያወጋሉ። የጌኖቬፋ ኤስፔራንቶ ከባልና ሚስት ጭቅጭቅ የተለቀመ ስለነበር ለስድብ ሞልቶ ይተርፋል፣ ለምስጋና ግን ያጥራል። የጎደለውን ኤርኖ አስተማራቸው።

የነገራት ከቀብሩ በኋላ ነው። ብሮንያ የእናቷን ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«የትኛውን ነው የሰማችው?» አለች የያዘችውን ቀሚስ አስቀምጣ።

«ሁሉንም።»

«አንተስ? ስድስት ዓመት ሙሉ እያወቅክ ፊቷ ስታስለፈልፈኝ ኖርክ?»

«እሷ ናት ያለችኝ።»

ብሮንያ ኤስፔራንቶ መናገር አቆመች። ያን ጸደይ ሙሉ ባሏን በፖላንድኛ ብቻ አናገረችው። በዚያን ጊዜ ኤርኖም ፖላንድኛውን ደህና አድርጎ ይዞት ስለነበር በዚያው መለሰላት፤ ሲሳሳት አላረመችውም። በበጋው የኤስፔራንቶ ማኅበር እንግዶች ከውጭ አገር መጡና ከመካከላቸው ሁለቱ እነ ብሮንያ ቤት አደሩ። እንግዶቹ ፖላንድኛ አይሰሙም። ቁርስ ላይ ብሮንያ ወደ ባሏ ሳታይ፣ በኤስፔራንቶ፣ «ዳቦውን አቀብለኝ» አለችው። አቀበላት። እንግዶቹ ከሄዱም በኋላ በዚያው ቀጠሉ።