ሰይድን ወረኢሉ ድረስ

ከመካነ ሰላም የተነሣነው መስከረም ሲጋመስ፣ ሰኞ ማለዳ ነው። ዓመቱ ስድሳ ስድስት ነበር፤ አብዮቱ ሊፈነዳ አምስት ወር የቀረው፣ ወሎ ደግሞ ርሀብ የገባበት ዓመት። የጉዞው ዓላማ አጭር ነው። የጎረቤታችን የሸህ እንድሪስ ልጅ ሰይድ አዲስ አበባ ኮሌጅ ደርሶታል፤ እኔ በእግር ወረኢሉ አድርሼ የደሴ አውቶቡስ ላይ ማሳፈር አለብኝ። ምዝገባው በሚመጣው ሳምንት ይዘጋል። ከዘገየ ዕድሉ ለሌላ ሰው ያልፋል።

ሰይድ እስከ ደሴ ያለውን መንገድ ያውቀዋል፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰው እዚያ ነው። ያን ዓመት ግን ብቻውን መንገድ የሚደፍር ሰው አልነበረም። እኔ የተመረጥኩት ከሰፈራችን ኮሌጅ የሚባለውን ነገር በዓይኑ ያየ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። አንድ ዓመት ሳልሞላ፣ ሚያዝያ ላይ ታምሜ ተመልሻለሁ። ታምሜ ነው ብዬ ነበር ለሁሉም የነገርኩት።

ሸህ እንድሪስ ለልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩበት ደጃፍ ላይ ቆመው ዱዓ አደረጉልን። «አስናቀ፣ ልጄ በመጀመሪያ ለአሏህ፣ ቀጥሎ ላንተ አደራ ነው። እየሄዳችሁ ያየኸውን ሁሉ ንገረው» አሉኝ። እናቱ በሶ የሞላ አቁማዳ አሸከሙኝ። በዚያ ዓመት ያን ያህል ገብስ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም።

አንደኛው ቀን

በአቋራጭ ብንሄድ ወለቃን መሻገር ሊኖርብን ነው። ወንዙ ገና አልጎደለም ስላሉን በለጋምቦ ደጋ በኩል መዞር ያዝን። መንገዱ ይረዝማል፤ እኔ ደግሞ ውኃ ከሚወስደኝ እግሬ ቢላጥ ከሚመርጡት ወገን ነኝ።

ቀኑን ሙሉ መከርኩት። ክፍል ውስጥ ከፊት አትቀመጥ፤ ከኋላም አትቀመጥ። የምግብ ሰልፍ ላይ የሚወራውን እንዳልሰማህ ሁን። የተቃውሞ ወረቀት ሲዞር ስምህን አትጻፍ። ሲሮጡ ካየህ ለምን ብለህ አትጠይቅ፣ ሩጥ። ከየት ነህ ሲሉህ ደሴ በልና ዝም በል፤ በዚህ ዘመን ከወሎ ገጠር የመጣ ሰው ብዙ ይጠየቃል። ብርድ ልብስህ ላይ ስምህን ስፋበት።

ሰይድ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። እስከ ቀትር አዳምጦ ሲያበቃ፣ «አያ አስናቀ፣ ታዲያ የምንማረው መቼ ነው?» አለኝ።

ሳቅሁ። ከመመለስ ይልቅ ሌላ ምክር ጨመርኩ። ስንቅ ሰው እያየ አይፈታም አልኩት። ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ኋላ ገባን፤ ጀርባችንን ለመንገዱ ሰጥተን፣ እንደ ሌባ ቶሎ ቶሎ ቀመስን።

ሁለተኛው ቀን

ለጋምቦ ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ብቻ ነው ቀጥ ብሎ የቆመው። በዚያ ወቅት እስከ ወገብ መድረስ የነበረበት ገብስ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። ከአንድ መንደር ደረስን፤ ከአሥር ቤት የሚጨሰው ሁለቱ ብቻ ነው። የአንዱ ቤት ደጅ በእሾህ ተዘግቷል። ወደዚያ ስናቀና አንድ ገበሬ ከማሳው ላይ ሆኖ ተጣራ።

«እንዳትቀርቡ። ተስቦ ነው። በላይ በኩል እለፉ።»

«ሰው አለበት?» አለው ሰይድ።

ገበሬው፣ «ትናንት ነበረበት» አለ።

ከዚያ በኋላ እኔ አልመከርኩም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ሰው በተጠጋኝ ቁጥር ነጠላዬን ወደ አፍንጫዬ እስባለሁ፤ ደረቴን ባሳከከኝ ቁጥር ተስቦ የሚያመጣው ቅማል ነው እላለሁ።

ሦስተኛው ቀን

ረፋድ ላይ ከአንዲት ምንጭ አጠገብ ዐረፍን። መደበቂያ ድንጋይ በአካባቢው የለም። ሰይድ አቁማዳውን ፈቶ በሶውን በቅል ይለውስ ጀመር፤ እኔ «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» እላለሁ። ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ገና ሳልዞር ሰይድ ሲያድግ የሰማውን ቃል አወጣው።

«እንብላ።»

ይህን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መንገድ ዳር ስንቁን የፈታ ሰው አላፊውን ሁሉ እንብላ ይላል፤ አላፊውም «አሏህ ይጨምር፣ ብሉ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ጠሪው ይቀመጡብኛል ብሎ አይሰጋም፤ ተጠሪውም ልቀመጥ አይልም። እኔ በዕድሜዬ በዚህ ቃል የቆመ መንገደኛ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሴትዮዋ ቆመች። ልጅ በአንቀልባ አዝላለች። «እሺ ወንድሜ» አለችና ተቀመጠች።

ከኋላዋ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ከእሳቸው ኋላ ሌሎች። ከቆላው ወደ መኪናው መንገድ የሚወጡ ናቸው። ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አንድ ሆኑ። ፈራሁ። እጃቸውን ፈራሁ፤ ልብሳቸውን ፈራሁ፤ ከሁሉ በላይ ዝም ማለታቸውን ፈራሁ። ሰይድን ክንዱን ይዤ፣ «ተወውና እንሂድ» አልኩት።

«ጠርቻቸው?» አለኝ።

ማንም አልተሻማም። በተርታ ተቀመጡ፤ አዛውንቱ «ቢስሚላህ» አሉ። ሴትዮዋ እጇን ከምንጩ ታጥባ በሶውን ትለውስ ጀመር። መጀመሪያ ለልጆቹ አጎረሰች፣ ቀጥሎ ለሽማግሌዎቹ፤ ራሷ የጎረሰችው በመጨረሻ ነው። ስትውጥ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ አቁማዳውን ገልብጣ አየች፤ አንድ ጭብጥ ያህል ቀርቷል። አፉን አስራ ለሰይድ ሰጠችው።

«ይኼ የመንገደኛው ነው» አለች።

አዛውንቱ ሰይድን ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁት። ለትምህርት፣ አዲስ አበባ አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ ከየት መጣህ ሲሉህ ንገራቸው። ቆላው ሰው እየወጣ ነው በል። ለማኝ እንዳንመስላቸው፤ አራሽ ነው፣ በሬ የነበረው ሰው ነው በል።» ሰይድ «እሺ አባ» አለ። እነሱ እንደ እኛ መራመድ አይችሉም ነበርና ቀድመናቸው ሄድን።

አቀበቱን ሳንጨርስ ሰይድ መንገድ ላይ ተቀመጠ።

«እመለሳለሁ» አለኝ። «እናቴ የቆላችው የዘር ገብስ ነው። እሱን በልቼ የማልናገርበት፣ የማልሰማበት፣ ስሜን የማልጽፍበት ቦታ ሄጄ ምን ልሆን?»

አፍሬም ቢሆን እውነቱን እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እሱም ከተመለሰ ከሰፈራችን ኮሌጅ ያቃተው እኔ ብቻ አልሆንም። ቀጥሎ ግን እናቱ ያን ገብስ ሲቆሉ በዓይኔ መጡብኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሰይድ፣ እኔ አልታመምኩም ነበር» አልኩት። «ፖሊስ ተማሪ ሊይዝ ግቢያችን የገባ ቀን ከምግብ ቤቱ ጀርባ እንጨት ክምር ውስጥ ተደብቄ ዋልኩ። ሁለት የክፍሌ ልጆች ስሜን እየጠሩ ፈለጉኝ፤ አብረን እንድንወጣ ነው። ድምፃቸውን እየሰማሁ ዝም አልኳቸው። እኔን ሲፈልጉ ተያዙ። እኔ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የነገርኩህ ሁሉ የሸሸ ሰው ምክር ነው።»

ሰይድ ቀና ብሎ አላየኝም። «አውቃለሁ» አለ። «ወሬው ደሴ ደርሶ ነበር፤ አባቴም ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን ከእኔ ጋር ላኩህ?»

«የወደቀበት ሰው ጉድጓዱን ያሳይሃል አለኝ።»

አለቀስኩ። እሱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና፣ «አብሽር፣ አይዞህ፣ አያ አስናቀ፣ ተነሣ» አለኝ። እኔ ላስነሣው ተቀምጬ እሱ አስነሣኝ።

ወረኢሉ

ወረኢሉ የገባነው በአራተኛው ቀን፣ ገበያው ሳይበተን ነው። በሬ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፣ ገብስ ግን ዋጋው አይቀመስም። ለሰይድ ስንቅ የሚሆን ሁለት ዳቦ በስሙኒ ገዛሁ፤ ሦስት ሰዎች እያዩኝ ነበርና አንዱን ቆርሼ ሰጠኋቸው። ፍርሃቱ ግን የትም አልሄደም።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሱ ሲያጉረመርም የመጨረሻውን ምክር ነገርኩት። ከቀድሞው ምክሬ የተረፈው የብርድ ልብሱ ብቻ ነው። «መፍራትህ አይቀርም። ስትፈራ ብቻህን አትሁን፤ ለአንድ ሰው ንገር። ሳታነብ አትፈርም፤ አንብበህ ካመንክበት ግን ስምህን ጻፍ። ከየት ነህ ሲሉህ እነዚያን ሰዎች ንገራቸው። ስምህን የሚጠራ ጓደኛ ሲመጣ ደግሞ፣ የትም ሁን የት፣ አቤት በል።»

ሰይድ የተረፈችውን በሶ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ባዶውን አቁማዳ በመስኮት ሰጠኝ። «ለእናቴ መልስላት» አለኝ። ምዝገባው ሊዘጋ ገና ሦስት ቀን ነበረው።

ቤት

በመጣንበት መንገድ ብቻዬን ተመለስኩ። ቀን ቀን ብቻ ሄድኩ፤ የውሻ ጩኸት ሁሉ ያስደነግጠኝ ነበር። ሴትዮዋንና አዛውንቱን በየመንገዱ ፈለግኋቸው፤ አላገኘኋቸውም። ከምንጩ በላይ አዲስ የተከመረ ድንጋይ አየሁ፤ ትንሽ ነው፣ የልጅ መቃብር ያህል። ወይ የእነሱ ነው፣ ወይ የሌላ። እስከዛሬ አላውቅም።

ለአዲስ የኮሌጅ ተማሪ ምን ትመክራለህ ሲሉኝ እነዚያን ቀኖች እነግራለሁ። ምክር የሚሰጥህን ሰው ካዳመጥከው በኋላ፣ አንተስ ምን ሆነህ ነው ብለህ ጠይቀው እላለሁ። እኔ አቀበቱ ላይ እውነቱን ባልናገር ኖሮ ሰይድን ከመንገድ እመልሰው ነበር።

መካነ ሰላም ስገባ ሸህ እንድሪስ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ልጃቸው መሳፈሩን ነገርኳቸው፤ አሏህን አመሰገኑ። አቁማዳውን ዘረጋሁላቸው። ወሰዱት፣ አራገፉት፣ አጠፉትና መልሰው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ለከርሞ አንተ ወደ ኮሌጅህ ትሄድበታለህ» አሉኝ።

እጄን አላነሣሁም። የእንጨቱ ክምር፣ የልጆቹ ድምፅ፣ ሁሉም ተመልሶ መጣብኝ። ሸሁ አቁማዳውን እንደዘረጉ ጠበቁኝ፤ ከዚያም ቀስ ብለው በስሜ ጠሩኝ።

«አስናቀ።»

«አቤት» አልኩና ተቀበልኳቸው።