ጋቢና የገባው ክላሽ

ከሽንፋ ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ አይሱዙ ስነዳ አንድ የማላላላው ሕግ ነበረኝ። ሕጉ የመንግሥት ነው፤ ግን በዚያ መንገድ ላይ ከእኔ በቀር ከልቡ የሚያስከብረው ሾፌር አላየሁም። መሣሪያ የያዘ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ካዝናውን ነቅሎ ለእኔ ይሰጠኛል። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ሜዳ አዙሮ፣ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስቦ፣ ውስጡ ባዶ መሆኑን ያሳየኛል። ካዝና መንቀል ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ መሣሪያው አንዲት ጥይት ቀድሞ ጎርሶ ከሆነ እዚያው ተቀምጣለች። ይህን የማያውቅ ባለ ክላሽ በእኛ ቆላ የለም፤ እያወቀ የሚዘነጋው ግን ሞልቷል።

ጎረምሶቹ ያማርሩብኝ ነበር። «መንገድ ላይ ቢያግቱን በባዶ ብረት ልንደባደብ ነው?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ መንገድ ሰው ይታገታል፣ መኪና ይተኮስበታል። እኔ ግን ግትር ነኝ። «እንግዲያስ በእግርህ ሂድ» እላለሁ። አንዱን እንዲያውም ከነሻንጣው አውርጄ ፀሐይ ላይ ጥዬው ሄጃለሁ፤ ደግ አደረግሁ ብዬም ለሰው አውርቻለሁ።

የዚያን ቀን የሰሊጥ አጨዳው አልቆ ሠራተኛው ወደ ደጋ ይመለስ ነበር። ከኋላ፣ ጆንያው ላይ፣ የጎጃም ሰዎች ጢም ብለው ተሳፍረዋል። አንዱ ወጣት ቦታ ሲያጣ፣ «ጋቢናው ጣራ ላይ ውጣና ቁጭ በል፤ ነፋስም ታገኛለህ» አልሁት። ሳቀና ወጣ።

ልንነሳ ስንል አንድ ሽማግሌ መጡ። የእርሻ ጥበቃ ናቸው። አባቴ በሕይወት ስላልነበረ፣ ሚስቴን ሳገባ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ እሳቸው ናቸው። ካዝናቸውን ራሳቸው ነቅለው እጄ ላይ አኖሩት። የቀረው ማቀባበያውን መሳቡ ነበር። ልነግራቸው አፌን ከፈትሁና አፈርሁ። እሳቸውን የሚያህል ሰው፣ ያ ሁሉ ሠራተኛ እያየ፣ «ይሳቡና ያሳዩኝ» ማለት «አላምንዎትም» ማለት መሰለኝ። «ይግቡ አባቴ» ብዬ በሩን ከፈትሁላቸው። ክላሻቸውን ጉልበታቸው መካከል፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ለካ ጠዋት ማሽላው ውስጥ ከርከሮ ሰምተው አቀባብለው ኖሯል። አውሬ ያለ ፈቃድ መግደል ክልክል መሆኑን ያውቃሉ፤ ወደ ሰማይ ተኩሰው ሊያስደነብሩት ነበር ሐሳባቸው። ከርከሮው ድምፁን አጠፋ። እሳቸውም ጥይቷን ረሷት።

ደረቁን ወንዝ እንደተሻገርን ጎማዬ ጉድጓድ ገባ። መኪናው ሲዘል መሣሪያው እንዳይወድቅባቸው ለቀም ሲያደርጉት ጣታቸው ምላጩ ላይ አረፈ። ጋቢና ውስጥ ጥይት ሲጮህ ምን እንደሚመስል ለማንም ማስረዳት አልቻልሁም። ሊያግቱን የመጡ መስሎኝ ነዳጅ ረገጥሁ። ያቆምሁት ከላይ ያሉት ጣራውን በመዳፋቸው ሲደበድቡት ነው። ቀና ብል ጣራው ተበስቷል፤ በቀዳዳው ደም እየወረደ ሽማግሌው ትከሻ ላይ ይንጠባጠባል። ወጣቱ ገንዳ ውሃ ሳንደርስ ሞተ። እዚያ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። «ሳበው ብሎኝ እንቢ አልሁት ብዬ ነው የምናገር» አሉኝ።

«የለም አባቴ፣ እኔ መች…»

«ሽማግሌ ነው ብለህ አይደል የተውኸኝ? አሁንም ሽማግሌ ነኝ። ስናገር አታቋርጠኝ!»

ገባን። እንዳሉትም ተናገሩ። መርማሪው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንዲስቡ ጠይቀሃቸዋል?» አለኝ። ሦስት ልጆቼ ታዩኝ፤ መንጃ ፈቃዴ ታየኝ፤ የእስር ቤቱ በር ታየኝ። «አዎ» ብዬ ፈረምሁ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። እሳቸው ታሰሩ፣ እኔ ወደ ቤቴ ሄድሁ። መኪናዬ እንደተለቀቀች የጣራውን ቀዳዳ አስበየድሁና ሥራ ጀመርሁ።

ፍርዱ በሚነበብበት ቀን የሟች አባት ከጎጃም ድረስ ወርደው ነበር። በቆላው ሙቀት ወፍራም ካፖርት ለብሰው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ዳኛው ወንጀሉ በቸልተኝነት ሰው መግደል መሆኑን አንብበው በሽማግሌው ላይ የእስራት ቅጣት ወሰኑ። በእሳቸው ዕድሜ ከዚያ በሕይወት መውጣታቸውን እንጃ። ፍርዱ ውስጥ የእኔም ነገር ነበረበት፤ ሾፌሩ የሚገባውን ጠይቋል ይላል።

ውጭ፣ ዛፉ ጥላ ሥር፣ አባትየው ፈልገው አገኙኝ። ሽማግሌው በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመው መኪና ይጠብቃሉ፤ የምንባባለው ሁሉ ይሰማቸዋል። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይኖረኝም ነበር።

አባትየው ሁለቱንም ትከሻዬን ሳሙኝ። «አንተስ የአቅምህን ብለሃል ልጄ» አሉ። «ጠይቀሃቸዋል። ለልጄ የተጨነቀለት ሰው በዚህ አገር መኖሩን በመስማቴ ለእናቱ የምነግራት አገኘሁ። እግዜር ልጆችህን ያሳድግልህ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ፍርድ ቤቱ ግንብ አዞሩ።

«አሜን» አልሁ።