ከሰገነቱ የወደቀው መኮንን

ባሌን ሥራው ወደዚህ ሲያዛውረው ቁሓ ውስጥ ቤት ተከራየን። በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው። እኛ ያለነው ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ፎቁ ላይ ርግቦች ይኖራሉ፤ ኪራይ አይከፍሉም፣ ሰገነቱም አያስጨንቃቸውም። እኔን ግን ያስጨንቀኛል። ከበራችን በላይ ወደ ውጭ የወጣ፣ ነፋስ ሲመጣ የሚንቋቋ የእንጨት ሰገነት ነው። ከሥሩ ያለው ንጣፍ ለስላሳና ጥላ ስለሆነ፣ ልጄ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወተው እዚያው ነበር።

ለአከራያችን ነገርኳቸው። እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው፤ እንደ አገሩ ወግ በትግርኛ «አደይ»፣ እናቴ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም «ጓለይ»፣ ልጄ ይሉኛል።

«አደይ፣ ይሄ ሰገነት ይጠገን። ልጆቹ ላይ ሊወድቅ ነው።»

«አይነካም፣ ጓለይ። ቅርስ ነው ብለው መዝግበውታል።»

«የመዘገቡት መጥተው ይጠግኑታ።»

«እነሱ የሚመዘግቡት ናቸው፤ የሚጠግኑት ሌሎች ናቸው። ደግሞ በዚያ ሁሉ የመድፍ ድምፅ ያልወደቀ፣ አሁን በሰላሙ ለምን ይወድቃል?»

ልጆቹን ብቆጣም፣ ብለምንም፣ ንጣፉ ላይ ውሃ ብደፋበትም አልሄዱም። ስለዚህ አንድ የጣሊያን መኮንን ከዚህ ሰገነት ወድቆ እንደሞተ፣ ቀትር ላይም እየመጣ ቆቡን እንደሚፈልግ ነገርኳቸው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ታሪክ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጆቹ ሸሹ፣ እኔም እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ አልቆየም። አንድ ጠዋት ልብስ ሳጥብ አደይ አጠገቤ ቁጭ አሉና፣ «እዚህ ቤት ተቀምጠሽ ስለ መኮንኑ አልሰማሽም?» አሉኝ። እኔ የሰጠሁት ቆብ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ቡትስ ጫማ፣ ስካርና ቀናተኛ ሚስት ጨምረውለታል። «አባቴ በዓይኑ አይቶታል» አሉ። ምን እላለሁ? የአባታቸውን ዓይን ልካድ?

ከዚያ ከዓዲ ሓቂ ካምፓስ የድሮ ቤቶችን የሚያጠና ተማሪ መጣ። ከደቡብ የመጣ ልጅ ነው፤ አማርኛ ስለምናገር ከእኔ ጋር ማውራት ይወዳል። ግድግዳውን ለካ፣ አደይን ጠየቀ። እንጨቱ መበስበሱን ስነግረው «በጣም ኦርጅናል ነው» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዶች እያመጣ ማስጎብኘት ጀመረ። ሁሉም ከሰገነቱ ሥር ቆመው፣ ወደ ላይ አንጋጠው ፎቶ ይነሳሉ። ልጆቹም በዚህ መሃል ፍርሃታቸው ለቀቃቸው። ልጄ መኮንኑን ሆና ንጣፉ ላይ በጀርባዋ ተዘርግታ ታሳያለች። ድሮ ከሥሩ ትዘል ነበር፤ ለእኔ ታሪክ ምስጋና ይግባውና አሁን ትተኛበታለች።

አንድ ቅዳሜ እንዲሁ ተዘርግታ ሳለ እንጨቱ ተንቋቋና አቧራ ፊቷ ላይ ረገፈ። እንግዶቹ ሳቁ። እኔ ሳፋዬን ጥዬ ወጣሁና ልጄን በክንዷ አንስቼ፣ «የሞተው እዚህ አይደለም» አልኩ።

ተማሪው እስክሪብቶውን አወጣ። «የት ነው ታዲያ፣ እትዬ?»

ዙሪያዬን ሳይ ከቤቱ ራቅ ያለ ነገር የግቢው ወይራ ብቻ ነው። «መውደቁንስ እዚህ ነው የወደቀው። ግን እየተንፏቀቀ ሄዶ ወይራው ሥር ነው ነፍሱ የወጣችው።»

«ከማን ሰሙት?»

«ከአደይ አባት የመጣ ነው።»

አደይ ነጠላቸውን አስተካክለው ለአፍታ አዩኝ። «እውነቷን ነው» አሉ። «አባቴ ውሃ አቀብሎታል።»

እንግዶቹ ተግተልትለው ወደ ወይራው ሄዱ። አደይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አባቴ ሲሞት አንቺ አልተወለድሽም። የት አገኘሽው?» አሉኝ።

«እርስዎ መኮንኑን ያገኙበት ቦታ» አልኳቸው።

ተማሪው ወይራው ሥር በኖራ የተቀባ ድንጋይ አስቀመጠ። አፌ ይቆረጥና፣ ልጄ አሁን የምትሞተው እዚያ ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ እኔም ድንጋዩ አጠገብ ቆሜ ቀና አልኩ። ልክ ከአናቴ በላይ አንድ ወፍራም ደረቅ ቅርንጫፍ አለ።

«አደይ፣ ይሄ ቅርንጫፍ ይቆረጥ?»

«ዛፉን እስካሁን የመዘገበው የለም» አሉ።

ቅዳሜ ሳይደርስ አስቆረጥኩት።